መንገድ በሽንት ሲለካ፤ ከመገናኛ እስከ ሸኖ

“ሽንት” የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አይታችሁ ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ አንባብያን፣ እባካችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ! እኛ እንደሆን ስለ ሽንት ማውራት ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። “እጄን ልታጠብ” እንላለን፤ “አንዴ ወጣ ልበል” እንላለን፤ ሆቴል ገብተን እንኳ አስተናጋጁን በጆሮው ነው የምንጠይቀው። ዛሬ ግን በግልጽ እናወራለን። ይህ ነውር ያልነው ነገር ሰው ይገድላል፤ ከሞት የተረፈውንም ከሠርግ፣ ከለቅሶ፣ ከፍቅር ለይቶ ቤት ውስጥ ይቆልፍበታል።

ነገሩ የጉዞ ማስታወሻ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር ከመገናኛ ተነሥተን በደብረ ብርሃን መንገድ እስከ ሸኖ ሄደን ነበር። ስሙን አልጽፍም። ሙያው ኤሌክትሪሺያን ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከአንድ ጅምር ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መወጣጫው እንጨት ከዳውና ወደቀ። ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ ከእምብርቱ በታች መንቀሳቀስም መሰማትም ቀረ። እጆቹ ግን የብረት ያህል ናቸው፤ ምላሱማ ከአደጋው በኋላ ሳይብስበት አልቀረም! የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ለምን ሸኖ? ትሉኝ ይሆናል። ሐሳቡ የእሱ ነው። አበበ ቢቂላ መኪናው ተገልብጦ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳው በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ነበር። በዚያ ወር ልክ 50 ዓመት ሞላው። “የሙያ ባልደረባዬን መንገድ አሳየኝ” አለኝ ጓደኛዬ እየሳቀ። ሯጭ ሆኖ አይደለም፤ በዊልቸሩ ነው ባልደረባ ያለው።

ሰንዳፋ ላይ ያልተጠጣው ሻይ

የተነሣነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የወንድሜን ኮሮላ ተውሼ፣ ዊልቸሩን አጣጥፈን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከተትነው። ሲ.ኤም.ሲ.ን፣ አያትን፣ ለገጣፎን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ከተማው ይለቃችኋል። ሜዳው እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ገብሱና ስንዴው ከታጨደ ቆይቷል፤ በየደጁ ኩበቱ እንደ ጎጆ ተከምሯል፤ እረኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በጎቹን ይነዳል። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም!

ሰንዳፋ ደርሰን አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አቆምን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ትኩስ ዳቦ በሻይ አዘዝኩ። ጓደኛዬ እጁን አወዛወዘ።

“ኧረ ተወኝ! እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ በአፌ አልዞረም።”

“ጾሙን ነው?”

“የኔ ጾም ሌላ ነው። እኔ የምጾመው መንገድ ስወጣ ነው።”

ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። “አንተ መንገዱን በኪሎ ሜትር ትለካለህ። እኔ በሽንቴ ነው የምለካው። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ በቱቦ አውጥቻለሁ። 5 ሰዓት ላይ፣ ቢበዛ 6 ሰዓት ላይ መድገም አለብኝ። ሸኖ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብዬ አልጠይቅህም። በ5 ሰዓት የት ነኝ? እዚያ ዊልቸር የሚያስገባ በር አለ? ውኃና ሳሙናስ? ይህንን ነው የምጠይቀው። መልሱን ካላወቅኩ አልጠጣም፤ በቃ!”

አስቡት እንግዲህ። አንድ ወጣት፣ በዚያ ብርድ፣ ትኩስ ሻይ ፊቱ እየጨሰ፣ ሽንት ቤት ፍራቻ ጉሮሮውን ዘግቶ ይቀመጣል። ጉዳቱ ደግሞ በጥም አያበቃም። ውኃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፤ ጀርሙን አጥቦ የሚያወጣ ነገር ይጠፋል፤ ጠጠርም ይጀምራል። ሰውዬው ከኀፍረት ሸሽቶ ወደ ኩላሊት በሽታ ይሄዳል ማለት ነው።

ፊኛው ምን ሆኖ ነው?

ነገሩ እንዲገባን የሰውነታችንን አሠራር ትንሽ እንይ። ኩላሊት ያጣራው ሽንት ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛው መሙላት ሲጀምር ወሬው በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይላካል። አንጎል “ቆይ፣ ስብሰባ ላይ ነህ” ይላል፣ ወይም “አሁን ይቻላል” ይላል። ይኸው መስመር ሲበጠስ እንደ ተቆረጠ ስልክ ነው፤ ላይኛው ቤት ታችኛውን አይሰማውም።

ከዚያ በኋላ እንደ ጉዳቱ ቦታ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይመጣል። አንዳንዱ ፊኛ ያለ ፈቃድ ይጨመደዳል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻም በዚያው ቅጽበት አብሮት ይጨመደዳል። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው በር ይዘጋል! በዚህ ግፊት የተነሣ ሽንቱ ወደ መጣበት፣ ወደ ኩላሊት ሊመለስ ይችላል። ሌላው ፊኛ ደግሞ ይልፈሰፈስና እንደ ጎማ ከረጢት ዝም ብሎ ይሞላል፤ ሲተርፈው ጠብ ጠብ ይላል። ቤተሰብ ይህን አይቶ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሸናል እኮ፤ ልብሱ ይረጥባል” ይላል። ተሳስቷል! መንጠባጠብ መሽናት አይደለም። ከላይ ጠብ ጠብ እያለ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ውስጥ ተኝቶ ሊከርም ይችላል።

ጓደኛዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ቱቦ ገብቶለት፣ ከረጢት ተንጠልጥሎለት፣ “በየወሩ አስቀይር” ተብሎ ነው የተሸኘው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልነግራችሁም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ተመልሶ ተኛ። ለመሆኑ ፊኛህ እንዲህ ነው፣ ኩላሊትህን እንዲህ ጠብቅ ያለው ሰው ነበር? አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ነርስ አልጋው ጎን ተቀምጣ፣ ቱቦውን ራሱ እያስገባ እንዲያወጣ በሁለት ቀን አስተማረችው። “አከርካሪዬን የሰበረኝ ፎቁ ነው፤ ሁለት ቀን የሚፈጅ ትምህርት አጥቼ አንድ ዓመት የተሰቃየሁት ግን በሰው ነው” ይላል።

አበበ የሄደበት ሆስፒታል

ወደ ሸኖ ስንቃረብ መኪናውን ዳር አስይዘን ቆምን። ጓደኛዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ ማራቶን ያሸነፈው ሰው በዚህ አካባቢ በአንድ ሌሊት መራመድ አቆመ።

አበበ በቀናት ውስጥ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተላከ። የሄደበት ቦታ ስቶክ ማንደቪል ይባላል፤ ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ኤልስበሪ ከተማ አጠገብ ያለ ሆስፒታል ነው። የዛሬው ጨዋታችን ሥር ያለውም እዚያው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በሳምንትና በወር ነበር። ይገድለው የነበረው በአብዛኛው የሽንት መመረዝና የመኝታ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የገቡ ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በስቶክ ማንደቪል የሕብለ ሰረሰር ክፍል ከፈቱ። በሽተኛውን ሌሊትም ጭምር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን በየሰዓቱ በንጽሕና ማስለቀቅ፣ ሥራ ማስተማር፣ ስፖርት ማሠራት ጀመሩ። ቱቦ ማስገባቱን እንደ ተራ ሥራ ለማንም አይተዉትም ነበር፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው እንዲያደርጉት ያዝዙ ነበር። ሞት ይጠብቅ የነበረው በሽተኛ ቀስት ማስፈንጠር ጀመረ! እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 ዊልቸር ላይ ያሉ ሰዎች በቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው በዚያ ቀን ነው።

አበበም እዚያ ስምንት ወር ያህል ታክሞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1970 እንደገና ወደዚያ ሄዶ በዊልቸር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው ያረፈው።

ወዳጆቼ፣ የስፖርቱን ታሪክ ሁሉም ያወራዋል፤ ሐውልትም ይቆምለታል። ስፖርቱ የቆመው ግን ፊኛ በሰዓቱ በመለቀቁ ላይ ነው! ኩላሊቱ የተመረዘ ሰው ቀስት አይወረውርም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ለእንደ እኛ ዓይነቱ አገር የበለጠ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የሚባሉ አሜሪካዊ የሽንት አካላት ሐኪም ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር ጻፉ። በሽተኛው ቤቱ ተቀምጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ቱቦ ራሱ ሽንቱን ቢያወጣ ይበቃል አሉ። የቀዶ ሕክምና ክፍል ያህል ንጽሕና ካልተገኘ ብሎ መቅረት የባሰ ነው። ምክንያታቸውም፣ ፊኛን ይበልጥ የሚጎዳው ከመጠን በላይ መወጠሩ ነው፤ የተወጠረ ፊኛ ደሙ በደንብ አይዘዋወርበትምና ለጀርም ይመቻል የሚል ነበር። እንግዲህ የሚያስፈልገው ቱቦ፣ ውኃ፣ ሳሙናና ሰዓት ነው ማለት ነው።

5 ሰዓት ሸኖ ላይ

ሸኖ ስንገባ ሰዓቱ ለ5 ሩብ ጉዳይ ነበር። ሸኖ የቅቤ አገር ነው፤ ጾም ባይሆን ኖሮ ሳንሸምት አንመለስም ነበር። የእኛ ፍለጋ ግን ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ የገባነው ፎቅ ያለው ሆቴል ነበር። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ ሦስት ደረጃ ይወጣል፤ በሩ ዊልቸር ቀርቶ ወፍራም ሰው የሚያስገባ አይደለም። ቧንቧውን ብንከፍተው አየር ተነፈሰብን። ሁለተኛውም ያው ነው። ጓደኛዬ ሰዓቱን አየና “መኪና ውስጥ አደርገዋለሁ፤ አንተ ጋቢውን ይዘህ በሩ ላይ ቁምልኝ” አለ። እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል ማለት ነው! ገበያ መሐል፣ ሰው እያየው፣ በጋቢ ተጋርዶ።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ከመንገድ ዳር ሻይ ቤታቸው ሆነው ያዩናል። ጓደኛዬ ድፍረቱን አሰባሰበ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሬ አይሠራም፤ ሽንቴን በቱቦ ነው የማወጣው። ንጹሕ ቦታና ትንሽ ውኃ ባገኝ…”

“ታዲያ ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተሽኮረመምከው? ና ግባ!”

ያስገቡት የራሳቸው መኝታ ክፍል ነው። ወለሉ አፈር ነው፤ ግን ከመንገዱ እኩል ነው። በሩ ሁለት ተከፋች ቆርቆሮ ነው፤ ዊልቸሩ ሳይነካው ገባ። ማንደጃ ላይ ከነበረው ውኃ ለብ ያለ በጆግ ቀዱለት፤ ሳሙናና ሳፋ አቀረቡ፤ መጋረጃውን ዘግተው ወጡ። ጓደኛዬ በሰባት ደቂቃ ጨርሶ ወጣ።

“እማማ፣ አሁን ሻይ ይቅዱልኝ!” አለ። ሁለት ብርጭቆ አከታትሎ ጠጣ።

ልብ በሉ። ፎቅ ያለው ሆቴል ያልቻለውን የቆርቆሮ ቤት ቻለው። ከመንገድ እኩል የሆነ ወለል፣ ሰፊ በር፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ የሚዘጋ መጋረጃ፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ይህን ለማሟላት ገንዘብ የለንም የሚል የሆቴል ባለቤት ካለ ሸኖ ሄዶ ይይ!

ሻዩን እየጠጣ ነው የሆዱን ያጫወተኝ። ያሳደገችው አክስቱ ስትሞት ለቅሶ አልተቀመጠም። ድንኳኑ ያለበት ግቢ ሽንት ቤቱ ቁልቁለት ነበርና። ዘመዱ ሁሉ “አንድ ቀን ብቅ ብሎ ጠፋ” ብሎ ተቀየመው፤ እሱም ምክንያቱን ለመናገር አፍሮ ዝም አለ። ይወዳት የነበረችውን ልጅም “ሌላ አግቢ” ብሎ ያሰናበታት ራሱ ነው። “እግሬን ታውቃለች፤ አልደበቅኳትም። ሌሊት አልጋ ባረጥብስ የሚለውን ነው መናገር ያቃተኝ” አለኝ። በኋላ መድኃኒት እንዳለው ሰማ፤ ልጅቷ ግን አግብታለች። አያችሁ? ነውር ያልነው ቃል ስንት ነገር እንደሚወስድ!

ታዲያ ምን ይደረግ?

ይህ ጽሑፍ ሐኪምን ወይም ነርስን አይተካም። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ካለ ግን ይህን ያህል እወቁ።

አንደኛ፣ በየሰዓቱ በቱቦ ማውጣት ለሚችል ሰው የተለመደው በየ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ ይጠበቃል። ካለፈ ሰዓቱ መቅረብ አለበት። ውኃ መጠጣትን ማቆም ግን መፍትሔ አይደለም፤ በቀን ውስጥ አከፋፍሎ መጠጣት ነው። መጠኑን ሐኪም ይነግራል።

ሁለተኛ፣ ቋሚ ቱቦ የገባለት ሰው ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ቱቦው አይታጠፍ፤ ቀኑ ሲደርስ ይቀየር።

ሦስተኛ፣ ሽንቱ ደፈረሰ ተብሎ ብቻ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ይቅር። መድኃኒቱ በኋላ በሚያስፈልግ ጊዜ እምቢ ይላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድንገት የበዛ የእግር መንዘፍዘፍ ወይም ያልተለመደ መንጠባጠብ ሲመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ነው።

አራተኛ፣ ይህን በተለይ አስምሩበት። ጉዳቱ ደረት አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው፣ ፊኛው ሞልቶ ወይም ቱቦው ተዘግቶ የደም ግፊቱ ወደ ላይ እየተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስ ፍቱለት፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ፊኛው ይለቀቅ። ካልተሻለው በፍጥነት ሆስፒታል! ይህ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነው።

አምስተኛ፣ ምልክት ባይኖርም ኩላሊትን በዓመት አንዴ በአልትራሳውንድ ማሳየት ደግ ነው። ያለ ፈቃድ የሚጨመደድ ፊኛን የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፤ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን በሽተኛው ብቻውን የሚወጣው ዳገት አይደለም። በቀን ከ4 እስከ 6 ቱቦ ማለት በወር ከ120 እስከ 180 ማለት ነው። ቱቦው ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ጓደኛዬ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ያገኛትን አንዷን እያጠበ ደጋግሞ ይጠቀምባታል። ለስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ቅንጦት ነው የሚል ሰው የለም፤ ለዚህ ሰው ቱቦውም እንደዚያው ነው። የጤና መድኅኑም፣ መድኃኒት ገዢውም መሥሪያ ቤት በዚህ ዓይን ይዩት። ሆስፒታሎችም ማንም ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ስለ ፊኛው ሳይማር፣ ቤተሰቡም ሳይማር፣ ከአልጋ አይልቀቁ። ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው!

ሕጉስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለአካል ጉዳተኛ የሚመች በቂ መጸዳጃ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ አጽድቃለች። ወረቀቱ ሞልቷል፤ የጠበበው በሩ ነው።

እናንተ ወጣቶችስ? የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው። ዊልቸር ላይ ያለ ጓደኛችሁን ስትጋብዙ “ትመጣለህ ወይ?” ከማለታችሁ በፊት ሽንት ቤቱን ሄዳችሁ እዩለት፤ በሩን በክንዳችሁ ለኩ፤ ውኃውን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ “አይቼልሃለሁ፣ ይመቻል” በሉት። ሠርግ ስትደግሱም ሆነ ለቅሶ ስታስተናግዱ ድንኳን ተካዩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ዊልቸር የሚገባበት ሽንት ቤት የት ነው? መልስ ከሌለው ድንኳኑ ገና አልተተከለም።